ጭድ የለበሰው ቱቦ

ባለፈው ጥር ሞጣ ገበያ ዳር ካለ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ አፍንጫዬን ያዝኩ። የሸተተኝ መጥፎ ነገር አልነበረም። ፀሐይ ሲመታው የዋለ አዲስ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ሌላ ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ልብም አይለው ይሆናል።

ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል አብሮኝ ነበር። እናታችን ቤት ውሃ ላስገባላት ብሎ ነው ይዞኝ የመጣው። ባለሱቁ ወጣት በአንድ በኩል ተጠቅልሎ የተከመረውን ጥቁር ቱቦ፣ በሌላ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ብረት አሳይቶን ሲያበቃ ይበልጣል ወደ እኔ ዞረና «አንቺ ምረጪ፤ እኔ ምን አውቃለሁ» አለኝ።

«ብረቱን» አልኩ።

«እትዬ፣ ብረት እኮ ይዝጋል። ደግሞስ ማን ተሸክሞት ይገባል? ጥቁሩን አንድ ሰው እያንከባለለ ይወስደዋል።»

«ብረቱን አልኩህ።»

ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። ባለሱቁ ፈገግታውን ዋጥ አደረገ። ወንድሜ መከራከሩን ትቶ ብረቱን በመዳፉ ይደባብስ ጀመር። ምክንያቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተውኩት። ነገሩ በሆነበት ዓመት እሱ ገና በእናታችን ሆድ ውስጥ ነበር። ታሪኩን ለእሱ ለመንገር የእናቴ ፈቃድ ያስፈልገኛል፤ እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም።

ቤታችን ከቢቸና ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከመኪናው መንገድ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አምስተኛ ክፍል ገብቻለሁ። ገብቻለሁ ስል ስሜ ገብቷል ማለቴ ነው። እናቴ ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። በዚያ ክረምት እንደገና ስትፀንስ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሆዷን ዳብሳ «ከእንግዲህ ውሃ ከተሸከምሽ ይሄም አይቆይልሽም» አለቻት። ስለዚህ ጀሪካኑ ወደ እኔ ዞረ። ሌላ ልጅ የለም፤ አባቴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ነው። ወንድ ውሃ ቢሸከም መንደሩ ዓመት ሙሉ ይስቅበታል።

ምንጩ ያለው ከገደሉ ሥር ነበር። ቁልቁለቱን ስወርድ ባዶው ጀሪካን ጀርባዬ ላይ እየነጠረ ይደበድበኛል፤ ስወጣ ግማሹን ብቻ ሞልቼውም በየድንጋዩ አሳርፈዋለሁ። ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ እመላለሳለሁ። ገመዱ ቃጫ ነው። ግራ ትከሻዬ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ይቆስላል፣ ሊሽር ሲል እንደገና ይቆስላል። እናቴ ስመለስ ቀሚሴን ገለጥ አድርጋ ቅቤ ትቀባኛለች፤ ስትቀባኝ ግን ፊቴን አታይም ነበር።

መስከረም ካለፈ በኋላ የክፍላችን አስተማሪ መምህርት ሙሉ ወደ ገበያ ሲሄዱ መንገድ ላይ አገኙኝ። ጀሪካኑን አዩት። «ትርንጎ፣ እስከ ገና ስምሽን አልሰርዘውም» አሉኝ። «ከገና ወዲያ ግን የእኔ ሥልጣን አይደለም።»

ስም መሰረዝ ምን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም ነበር። በእስክሪብቶ መስመር ሲያሰምሩበት የሆነ ቦታዬን የሚያመኝ መስሎኝ ስንት ቀን ሰውነቴን ሳዳምጥ ከረምኩ።

በዚያው ሰሞን ነው ትልቁ የውሃ መስመር በመንደራችን ራስጌ ያለፈው። ቦኖው የተተከለው ከወንዙ ማዶ ላለው መንደር ነው፤ ለእኛ የደረሰን ፈቃድ ብቻ ነበር። የፈለገ ሰው ከመስመሩ ጠልፎ፣ በራሱ ቱቦ፣ በራሱ ጉልበት ወደ ቤቱ ያስገባ ተባለ። አባቴ ይህን ከሰማ ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ቢቸና የአጎቱ ልጅ ቤት ሄዶ ከግድግዳ ውስጥ የወጣ ቧንቧ አይቶ ኖሯል። «ግቢ አይደለም የማስገባው፤ ቤት ውስጥ ነው። እናትሽ ከመደብ ሳትወርድ እጇን ዘርግታ ትከፍተዋለች» ይለኛል። ከዚያ ደግሞ «አንቺ ትምህርትሽን ነው» ይለኛል። አባቴ ቃል ሲገባ ጣቱን ጆሮው ላይ ያደርግ ነበር፤ ያን ጊዜም አደረገ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ሞጣ ሄድን። አባቴ እህል የሚያስረክባቸው፣ ከአያቴ ጊዜ ጀምሮ ቤተሰብ የሆኑን ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ አሉ፤ ቱቦም ይሸጣሉ፣ ቧንቧም ያስገጥማሉ። አውቶቡስ ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር፤ ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲሮጡ ወደ ቢቸና የሚሸሹ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ሻይ አስመጥተውልን አባቴን ይጠይቁት ጀመር።

«ቤትህ ምንድን ነው?»

«ጭቃ ነዋ። ምን ሊሆን ኖሯል?»

«አይጥ አለ?»

አባቴ ሳቀ። «ሰይድ፣ አንተ ደግሞ። ጤፍ ያለበት ቤት ገብተህ አይጥ ያላየኸው የት ነው?»

ጋሽ ሰይድ አልሳቁም። ወደ ውስጥ ገብተው አንድ ክንድ የምትሆን የጥቁር ቱቦ ቁራጭ ይዘው ወጡ። ጎኗ ተቦርቡሯል።

«ይቺን ደብረ ወርቅ ያለች አንዲት ሴት ናት የመለሰችልኝ» አሉ። «የአይጥ ጥርስ ማደግ አያቆምም፤ ያገኘውን እየከረከመ ነው የሚያሳጥረው። በጋ ሲሆን ደግሞ ውሃ ፍለጋ ይመጣል። ለመሬቱ ጥቁሩ ይበቃሃል፤ በጥልቁ ቆፍረህ ቅበረው። ከግድግዳው ሥር ጀምሮ ቤት የሚገባው ግን ብረት ይሁን። ዙሪያውን ጠጠር ጠቅጥቅበት። ጠጠር እየተናደ ስለሚመለስበት አይጥ ጎሬ አይሠራበትም።»

እነሱ ሲያወሩ ቁራጯን አንስቼ አየኋት። የጥርስ ምልክቱ ሁለት ሁለት ሆኖ ዙሪያዋን ሞልቷል። አይጥ ያን ያህል ጥርስ ይኖረዋል ብዬ አላመንኩም፤ የሆነ ባለጌ ልጅ ሲጫወት የነከሳት ነው የመሰለኝ። ማንም ሳያየኝ እኔም ነከስኳት። ጠንካራ ናት፤ ምላሴ ላይ የመረረ ነገር ቀረ። ይቺን የሚበላ አይጥ የለም ብዬ ደመደምኩ።

ችግሩ ብረቱ ላይ ነበር። ብረቱ ራሱ አለ፤ ጫፉ ላይ ጥርስ እያወጣ ከሌላው ጋር የሚያጋጥመው መሣሪያ ግን የለም። የጋሽ ሰይድ ልጆች ሥራ ይዘውት ሄደዋል፤ የሚመለሱት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እጄን ወደ ኋላ አድርጌ በጣቴ ቆጠርኩ። ሁለት ሳምንት፤ ከዚያ እንደገና ሞጣ መምጣት፤ ከዚያ ሰው ሁሉ አውድማ ላይ በሚውልበት በታኅሣሥ እኩሌታ ሰው መለመን። ለገና አይደርስልኝም።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ተሸካሚዋ አንቺ ነሽ። እንጠብቅ ወይስ ጥቁሩን ብቻ ይዘን እንሂድ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ምን እንደምፈልግ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የምለብሰውን ቀሚስ እንኳ እናቴ ናት የምትመርጠው። ፊቴ ጋለ። ጥቁሩ ጥቅል ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየመታው ይሸታል፤ ዳር ዳሩን ሰማያዊ መስመር አለው፤ መስመሩም ያምር ነበር።

«ጥቁሩን» አልኩ።

ጋሽ ሰይድ ያዩት እኔን ሳይሆን አባቴን ነው። «ልጅ እኮ ናት» አሉት።

«ብትሆንም ውሃ የምትቀዳው እሷ ናት። ብረቱን አስቀምጥልኝ፤ ይሄን ጤፍ ስወቃ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ጥቅሉ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ መጣ። ከመኪናው መንገድ ጀምሮ እስከ ቤታችን ያንከባለልኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ ላግዝሽ ቢለኝ እምቢ አልኩ። የመንደሩ ልጆች ከኋላዬ ይሮጣሉ። እናቴ በር ላይ ቆማ ሆዷን ደግፋ ስትስቅ ከሩቅ አየኋት።

በሳምንቱ ለአንድ ቀን ደቦ ተጠራ። ሰዎቹ የየራሳቸው ጤፍ ተከምሮ እየጠበቃቸው ለአባቴ ብለው ነው የመጡት። ከመስመሩ እስከ ቤታችን ቦዩን ቆፍረው ቱቦውን ቀበሩት። ከሰዓት በኋላ የጓዳውን ግድግዳ ከሥሩ እስከ ወገብ ድረስ ቦረቦሩና ቱቦውን አቆሙበት። የጤፍ ጎታችን እዚያው ግድግዳ ተጠግቶ ነው የቆመው፤ ከጭቃና ከእበት የተሠራ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ጎታ ነው። ቀድሞ የደረሰው ጤፍ ተወቅቶ ገብቶበታል።

አያ ውበቱ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። በመንደራችን እሳቸው ያላዩት ግድግዳ አይቆምም። ቱቦውን በጥፍራቸው ቆርቆር አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ስስ ነገር ነው። የታኅሣሥ ውርጭ ይሰነጥቀዋል» አሉ። «ጭድ ይልበስ፣ ከዚያ በጭቃ ይለሰን።»

ሁሉም ተስማማ። እኛ ዘንድ ጭድ የማይገባበት ነገር የለም። ጭቃው ውስጥ ጭድ አለ፤ ፍራሹ ጭድ ነው፤ እንቁላል የሚቀመጠው ጭድ ውስጥ ነው፤ እኔም ስወለድ የተኛሁት ጭድ ላይ ነው። አንድን ነገር ወደድነው፣ ሳሳንለት ማለት በጭድ ጠቀለልነው ማለት ነው።

አባቴ ቱቦውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ጋሽ ሰይድ ጠጠር ሲሉ የሰማነው ሁለታችን ብቻ ነን። ጠጠሩ ያለው ወንዝ ዳር ነው። በአህያ ተጭኖ እስኪመጣ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ሰዎቹ ደግሞ ነገ የሉም። አባቴ አፉን ከፈት አድርጎ መልሶ ዘጋው። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ትርንጎ፣ ጭድ አምጪ» አለኝ።

ከአውድማችን በቁና እየሞላሁ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በዚያው ሳምንት የተወቃ ጭድ ነው፤ ስገለብጠው ያልተለየው ጤፍ እጄ ላይ ይበተናል። አያ ውበቱ ቱቦውን በእጃቸው ሲያለብሱት ሕፃን የሚያስተኙ ነበር የሚመስሉት። እየዘፈንኩ ነበር የማመላልሰው።

ማታ ሳይሆን ገና በቀን ብርሃን ውሃው መጣ። ቧንቧው መጀመሪያ አስነጠሰ፤ ቀጥሎ ቡናማ ተፋ፤ ከዚያ ጠራ። ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ ከመደቡ ሳትወርድ እጇን ሰድዳ በእፍኟ ተቀበለችና ጠራችኝ። መጀመሪያ ያጠበችው የእኔን ትከሻ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ቁስሌን አንገበገበው፤ ሁለታችንም ሳቅን።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ከዚያ ሁሉ ቀን የማስታውሰው ጀርባዬ ደረቅ እንደነበር ነው። ያን ሁሉ ወር የጀሪካኑ ክዳን እያፈሰሰ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር የሚውለው፤ አሁን የአግዳሚው ወንበር እንጨት እንኳ ይሞቀኛል። መምህርት ሙሉ ስም ሲጠሩ «አቤት» ያልኩት ጮክ ብዬ ነው፤ ልጆቹ ሳቁብኝ። ክፍልፋይ ጀምረው ነበር። አልገባኝም፤ ባይገባኝም ሁሉንም ገለበጥኩት።

አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ቀን ይሆናል፤ ጎህ ሲቀድ ነቅቼ ግድግዳው ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ቅርጥ፣ ቅርጥ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና ቅርጥ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ውሃው ከላይ እየተራመደ የሚመጣ መሰለኝ። ሄጄ እናቴን ቀሰቀስኳት።

«እማዬ፣ ውሃው ሲሄድ ይሰማል። ነይ ስሚው።»

ተነስታ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አደረገች። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ያየሁትን ያን ጊዜ አልተረጎምኩትም።

«አዎ፣ ውሃው ነው» አለችኝ። «በይ ተነሺ፣ ይረፍድብሻል።»

ድመት ብትኖረን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ነበረችን። መከር ሲገባ አይጡ ሁሉ ከማሳ ወደ ቤት ሲጎርፍ ጎረቤት መርዝ አስቀመጠ፤ ድመታችን መርዝ የበላ አይጥ በልታ አጥር ሥር ሞታ ተገኘች። አይጦቹን የሚያያቸው ዓይን ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

እኔ ስለ ድመትም ስለ አይጥም አላሰብኩም። ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ስመለስ እንስራው ሙሉ ነው። እናቴ የጓዳውን ግድግዳ በሰሌን ሸፈነችው፤ ለገና ቤት ማሳመሯ መስሎኝ ደስ አለኝ። ውሃው አንዳንድ ቀን ቅጠል ቅጠል ይላል፤ ከምንጩ የማውቀው ጣዕም ነው፤ ውሃ ሁሉ ዘመድ ነው ብዬ አለፍኩት። እናቴ ቀን ቀን ትተኛለች። ነፍሰ ጡር ይተኛል ብዬ ይህንንም አለፍኩት። አባቴ አውድማ ላይ ጤፍ እየጠበቀ እዚያው ያድራል፤ ቤት የሚመጣው እህል ለማስገባት ብቻ ነው።

አንድ ሐሙስ መምህራኑ ስብሰባ አለን ብለው በእረፍት ሰዓት ለቀቁን። በገደሉ አፋፍ ያለውን አቋራጭ ይዤ ስመጣ ከታች ቁልቁለቱ መሃል አንዲት ሴት ድንጋይ ተደግፋ ተቀምጣ አየሁ። ጀርባዋ ላይ ቢጫ ጀሪካን አለ። አንገቷን ደፍታለች። የማን እናት ትሆን፣ ልጅ የላትም እንዴ የምትልከው ብዬ አዘንኩላት። እውነቴን ነው፣ አዝኜላት ትንሽ ቆሜ ነበር። ከዚያ ነፋሱ ነጠላዋን ሲገልጠው የጥለቱን ቀለም አየሁት።

እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ስደርስ ቀና ብላ አየችኝና መጀመሪያ ያለችው «ለምን ከትምህርት መጣሽ?» ነው።

«እማዬ፣ ቧንቧውስ?»

«ቧንቧው ደኅና ነው። ውሃ ጠምቶኝ ነው የወረድኩት።»

«ጀሪካን ይዘሽ?»

ገመዱን ከትከሻዋ ላወርድ ስል ያዘችው። እጇ በላብ ርሶ ነበር። «ከደረቀ ሳምንት ሆነው» አለችኝ። «እስከ ገና እንድትደርሺልኝ ብዬ ነው። ፈተናሽን እንድትወስጂ ብዬ ነው። ለአባትሽ እንዳትነግሪ።» ከዚያ ከተቀመጠችበት ልትነሳ ስትል ድንጋዩ ላይ ደም አየሁ።

ጮህኩ። ከማዶ የሚያጭዱ ሰዎች ደረሱልን። በቃሬዛ አድርገው ወደ ቢቸና ሲወስዷት አባቴ ከአውድማው በባዶ እግሩ እየሮጠ መጥቶ ከፊት ያለውን እንጨት ያዘ። እኔ እቤት ቀረሁ። ጀሪካኑ እዚያ ቁልቁለት ላይ ቀርቶ ስለነበር ተመልሼ አመጣሁት፤ ውሃውን ግን መድፋት ከበደኝ፤ ይዤው ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ልጁ አልወረደም፤ እናቴ ግን እስክትወልድ ድረስ ከአልጋ እንዳትነሳ ተብላለች። አባቴ አስተኝቷት ሲያበቃ ሰሌኑን ከግድግዳው አነሳ። ጭቃው አብጦ እንደ ሊጥ ለስልሷል። ዶማውን ሲያሳርፍበት ግድግዳው ሁለት ጊዜ ሳያስመታ ተናደ።

መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው፤ የአይጥ ሽንትና የሻገተ ጭድ። አያ ውበቱ ሕፃን የሚያስተኙ ይመስል የጠቀጠቁት ጭድ ተቆራርጦ፣ ተበጥሮ፣ ቤት ሆኗል። ከላይ በኩል ባለው ደረቁ ላይ ስድስት ወይም ሰባት ጸጉር ያላበቀሉ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ ሮዝ የአይጥ ልጆች ተቃቅፈው ይተነፍሳሉ። ከታች ቱቦው ዙሪያውን ተበልቷል፤ ሁለት ሁለት እያለ፣ ሞጣ እንዳየሁት። ውሃው ያን ሁሉ ቀን በዚያ ቀዳዳ እየወጣ የፈሰሰው ወደ ጎታው ሥር ነው። ጎታው ከሥሩ ሟሙቷል። ጤፉ እርስ በርሱ ተያይዞ አንድ ሆኗል፤ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ቡቃያ አውጥቷል። ብረት ሊገዛበት የነበረው ጤፍ ነው። ዓመቱን የምንበላውም እሱ ነበር።

አባቴ ዶማውን አስቀምጦ እበሰበሰው ጭድ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ታየናለች።

«ሰይድ ጠጠር ሲል ሰምተሽ ነበር?» አለኝ፤ ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«ሰምቻለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ።»

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሷም ያን ቀን ጎህ ሲቀድ የሰማችውን ታውቃለች። ብትናገር ኖሮ ከላይ፣ ከመስመሩ በተጠለፈበት ቦታ ያለው የውሃ መዝጊያ ይዘጋ ነበር፣ ጤፉ ይተርፍ ነበር። ሦስታችንም አንድ ነገር ፈልገን ሦስታችንም ዝም ብለናል፤ የፈለግነው ደግሞ የእኔን ትምህርት ነበር። ያን ቀን የገባኝ ይህ ብቻ ነው፤ መሸከምም አቃተኝ።

የገና ዕለት ቤተ ክርስቲያን ግቢ መምህርት ሙሉን አየኋቸው። ነጭ ለብሰው ከዘመዶቻቸው ጋር ቆመዋል። ልደበቅ ስል አዩኝ።

«ውሃው እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

«ቆመ።»

«እናትሽስ?»

«ተኝታለች።»

ጭንቅላቴን ዳበሱኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ምንጩ ጋ ቆሜ ስም በሚጠራበት ሰዓት ሰውነቴን አዳመጥኩ። ምንም አላመመኝም። ምንም ሳያመኝ መሰረዜ ነው የበለጠ ያስለቀሰኝ።

በዚያ ሳምንት አባቴ ቱቦውን ከግድግዳው አወጣው። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁት «ብረት እስካመጣ ነው» ይላል። እኔ በዚያ ቃል ተንጠልጥዬ ነበር። ጤፍ ባይኖርም ጋሽ ሰይድ አሉ፣ ጋሽ ሰይድ ወዳጁ ናቸው፣ በጥር ካልሆነ በየካቲት ይመጣል እላለሁ። አንድ ዓመት ምን አላት፣ በዕድሜ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር እቀመጣለሁ እላለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከምንጩ ስመለስ አባቴ ደጃፉ ላይ ቢላ ይዞ ተቀምጧል። አይጥ ካልነካው ቦታ ላይ አንድ ስንዝር ተኩል የምትሆን የጥቁሩን ቱቦ ቆርጧል። ጫፎቿን በፍም እያሞቀ በድንጋይ ያለሰልሳቸዋል። የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ሲያለሰልስ ቆይቶ ጉንጩ ላይ እያስኬደ ይሞክራታል፤ ቆረቆረችው መሰለኝ፣ እንደገና ወደ ፍሙ ይመልሳታል። ሰማያዊው መስመር አሁንም አለ።

የጀሪካኔን ገመድ ፈታና በቱቦዋ ውስጥ አሳለፈው። መልሶ አሰረው። ከዚያ «ነይ እስቲ» አለኝና ጀሪካኑን ጀርባዬ ላይ አድርጎ ቱቦዋን ቁስሌ ላይ አስተካክሎ አሳረፋት። ገመዱ ቆዳዬን አልነካውም።

«አሁን አይቆርጥሽም» አለኝ።

እጁ ትከሻዬ ላይ ቆየ። ቱቦዋን አየኋት፣ ጫፎቿ እንዴት እንደለሰለሱ። ለአንድ ወር ለሁለት ወር የሚሠራ ነገር ያን ያህል ተጠንቅቆ አይሠራም። ብረት እንደማይመጣ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ እሱም ማወቄን አውቋል።

«አይቆርጠኝም» አልኩት።

ባዶውን ጀሪካን ይዤ ቁልቁለቱን ወረድኩ፤ ሞልቼ ወጣሁ። በማግስቱም ወረድኩ። እውነቱን ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ገመዱ አንድም ቀን አልቆረጠኝም።